የተነከሰ ገመድ ሁሉ አይጣልም፤ ሁሉም ግን አይቀጠልም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የቤት ውስጥ ጥንቃቄን በሚመለከተው ዓምድ ላይ፣ ውሻ፣ ድመት ወይም አይጥ የነከሰው ማናቸውም የኤሌክትሪክ ገመድ ያለ ማመንታት ተጥሎ በአዲስ ሊተካ እንደሚገባ የሚመክር ጽሑፍ አንብቤያለሁ። የምክሩ መነሻ ቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ኑሮዬን በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የምመራ ሰው እንደመሆኔ መጠን፣ ጽሑፉ ሊጠገን የሚችለውን ገመድና ማንም ሊቀጥለው የማይገባውን ገመድ በአንድ ላይ ጨፍልቆ በመመልከቱ፣ ሊያድነው ያሰበውን ሰው መልሶ ለአደጋ የሚያጋልጥ መስሎ ስለታየኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

«ጣለው» የተባለ ሰው አይጥለውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ የላፕቶፕ ቻርጀር በአንድ ደመወዝተኛ ኪስ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በመሆኑም ቡችላው ያኘከው ገመድ የሚሄደው ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሳይሆን ወደ መሳቢያ ነው። ከመሳቢያውም ወጥቶ ቁስል በሚታሸግበት ነጭ ፕላስተር፣ በስኮች፣ አንዳንዴም በክብሪት ተለብልቦ በተጣበቀ ፌስታል ይጠቀለልና እንደገና ግድግዳ ላይ ይሰካል። ለጥገና ከሚመጡልኝ የተነከሱ ገመዶች መካከል እንዲህ ያለ «ሕክምና» ያልተደረገለት ማየት ብርቅ ነው። ለቆራሌው ቢሸጥ እንኳ ፍጻሜው ያማረ አይደለም፤ መዳቡን ለማውጣት ሲባል ሽፋኑ ሜዳ ላይ ይቃጠላል፤ ከፒቪሲ የተሠራ ሽፋን ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ደግሞ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ዳይኦክሲን የተባሉትን መርዞች ይዞ በሰፈሩ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ሰው መጠገኑ ካልቀረ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው ጥርሱ ያረፈው በየትኛው ወገን እንደሆነ እንዲለይ ነው። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በገመዳቸው መሐል ወይም ጫፍ ላይ ቮልቱን የሚቀንስ አዳፕተር አላቸው። ከግድግዳው እስከ አዳፕተሩ ያለው ክፍል ሰው የሚገድለውን 220 ቮልት የተሸከመ ነው። ከአዳፕተሩ ወዲህ እስከ ዕቃው ባለው ክፍል ግን ለስልክ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት፣ ለላፕቶፕ ደግሞ 19 ወይም 20 ቮልት ገደማ ስለሚሄድ በደረቅ እጅ ቢነኩት ኮረንቲው የሚይዝ አይደለም። የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ከአዳፕተሩ ወዲህ ያለውን ገመድ ትዕግሥትና ተገቢው መሣሪያ ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጠግነው ይችላል፤ ወዲያ ያለው ግን ይቀየራል እንጂ አይቀጠልም።

መቀየሩም ሰው እንደሚፈራው ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። የላፕቶፕን አዳፕተር ከግድግዳ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ተነቃይ ነው፤ ሙሉ ቻርጀር ሳይገዛ፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው ተብሎ ከኤሌክትሮኒክስ መደብር ለብቻው ይገኛል። ሁለት ቀዳዳ ያለው የራዲዮና የፕሪንተር ገመድም እንዲሁ። ገመዱ ከዕቃው ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፍሪጅ ወይም የልብስ ካውያ ከሆነ፣ ባለሙያ ዕቃውን ከፍቶ ሙሉውን ገመድ ከውስጥ ይቀይረዋል። ንክሻው ከሶኬቱ ብዙም ያልራቀ እንደሆነ ደግሞ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ በቀረው ጤነኛ ገመድ ጫፍ ላይ አዲስ ሶኬት መግጠም ይቻላል፤ ይህ ገመዱን ማሳጠር እንጂ መቀጠል ስላልሆነ ችግር የለውም። በዚህ ጊዜ ቡናማው ፌዝ (ኮረንቲው የሚመጣበት)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመለስበት)፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ደግሞ የመሬት መስመር መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ዘመድ ከአሜሪካ በላከው ዕቃ ላይ ግን ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል ስለሚሆን፣ ቀለም ብቻ አይቶ ከማሰር በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አረጋግጦ ማሰር ይሻላል።

ስለ እንጀራ ምጣድ ለብቻው መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም በብዙ ቤት ከፍተኛውን ኃይል የሚስበው እርሱ ነው። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ ወደ 16 አምፔር ኮረንቲ ያስተላልፋል። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ መጋጠሚያ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ ተቃውሞ ቢኖረው፣ በዚያች የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ወደ 25 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም እኛ ለብየዳ የምንጠቀምበት አነስተኛ ካውያ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። ተመሳሳይ መጋጠሚያ በላፕቶፕ ገመድ ላይ፣ ከ3 አምፔር ትንሽ ከፍ በሚል ኮረንቲ፣ የሚፈጥረው ሙቀት ከ1 ዋት ብዙ አይበልጥም። እዚህ ላይ «አደጋ ቢኖር ብሬከሩ ይወርድ ነበር» የሚለው በስፋት የሚሰማ እምነት መታረም አለበት። ብሬከር የሚወርደው ከተመደበለት በላይ ኮረንቲ ሲያልፍበት ወይም ገመዱ ሾርት ሲያደርግ ነው። የላላ መጋጠሚያ ግን ተጨማሪ ኮረንቲ አይስብም፤ በዚያው በተለመደው ኮረንቲ ውስጥ ሆኖ ፕላስተሩን ያጠቁራል፣ ከዚያም መጋረጃውን ወይም ምንጣፉን ያያይዛል፤ ብሬከሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጥርስ ያረፈበት የምጣድ ገመድ ገና የሚሠራ ቢሆንም እንኳ፣ ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ግማሾቹ ተበጥሰው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ከአገልግሎት ውጭ ሊሆን ይገባዋል።

ሌላው ጽሑፋችሁ ያላነሳው ነገር፣ በእኛ አገር ሰዎች ገመድ የሚነካኩት ብዙውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ መሆኑን ነው። መብራት የለም ተብሎ ሶኬቱ ከግድግዳ ሳይነቀል ሽፋኑ ይላጣል፤ መብራቱ ሳይታሰብ ሲመጣ ሽቦው በሁለት ጣት መካከል ነው። የማከፋፈያውን ቁልፍ ማጥፋትም በቂ አይደለም። እኛ ዘንድ የሚዘወተረው ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬት ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ ባለ አንድ መስመር የሆነው ቁልፍ ኒውትራሉን ብቻ አቋርጦ ፌዙን ኮረንቲ እንዳለበት ሊተወው ይችላል። ስለዚህ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ የሚጠግነው ሰው ራሱ እያየው ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት። የላፕቶፕ አዳፕተር ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ኃይል እስኪጨርሱ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ተገቢ ነው።

ጥገናው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ቡችላው ላፕቶፔን ገደለው» ብላ ቻርጀሯን ይዛልኝ መጣች። ላፕቶፑ ደኅና ነበር። ንክሻው ያረፈው ወደ ላፕቶፑ ከሚገባው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከአዳፕተሩ ወዲህ ባለው ቀጭን ገመድ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩት። ሽፋኑ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ግን በዙሪያው የተጠለፈው የመዳብ መረብ ከምራቁ እርጥበት የተነሣ ጠቁሮ፣ ቦታ ቦታ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ተገኘ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ላይ ብቻ ይጠቀልላል። የዛገ መዳብ እርሳስ አይቀበልም፤ ስለዚህ በንክሻው ግራና ቀኝ የሚያበራ ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ግዴታ ነው። የዚህች ልጅ ገመድ በሁለቱም በኩል የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ተቆርጧል።

የእንዲህ ዓይነቱ ገመድ አሠራር ከተለመደው ይለያል፤ መሐል ለመሐል በራሱ ሽፋን የተለበጠ አንድ ሽቦ አለ፣ በዙሪያው ደግሞ መረብ ሆኖ የተጠለፈ ሌላ ሽቦ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የመሐሉ ፖዘቲቭ፣ መረቡ ኔጋቲቭ ነው፤ በአዳፕተሩ ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ የተሣለው የክብና የነጥብ ምልክትም የጫፉ መሐል ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን ይናገራል። ዴልና ኤችፒን በመሳሰሉት ላይ ሦስተኛ ቀጭን ሽቦ ይገኛል፤ ይህ ሽቦ ላፕቶፑ አዳፕተሩን የሚለይበት በመሆኑ፣ እርሱን ረስቶ ሁለቱን ብቻ ያገናኘ ሰው ላፕቶፑ እየበራ ባትሪው አልሞላ ሲለው ግራ ይጋባል።

ሽፋኑን ለመላጥ ስለታም ምላጭ ወይም የሽቦ መላጫ ፒንሳ ይበቃል። በጥርስ የሚልጡ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለውሻው የከለከልነውን ለራሳችን መፍቀዳችን ይገርመኛል። ከመጋጠሙ በፊት በሙቀት የሚጠብበው ፕላስቲክ ቱቦ በገመዱ ላይ አስቀድሞ መግባት አለበት፤ ከብየዳው በኋላ ማስገቢያ አይኖረውምና። ሁለቱ መጋጠሚያዎች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ አንዱ ከሌላው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ተፈናቅሎ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲሆን ሽፋናቸው አንድ ቀን ቢሸሽ እንኳ ሾርት አያደርጉም። ክሮቹ ጎን ለጎን ተደርበው እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘው ይታሰሩና በካውያው ይሞቃሉ፤ እርሳሱ ከካውያው ላይ ሳይሆን ከሞቀው መዳብ ላይ ቀልጦ ወደ ክሮቹ መሐል ሲገባ ብየዳው ተይዟል። ስድሳ በአርባ የሚባለው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል በ190 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ እርሳስ መርዝ በመሆኑ ግን እጅን መታጠብ፣ የብየዳውንም ጭስ አለመማግ ያስፈልጋል። ለቆርቆሮና ለራዲያተር ብየዳ የሚውለውን አሲድ በኤሌክትሮኒክስ ገመድ ላይ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ከጊዜ በኋላ መዳቡን ይበላዋል።

እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለብቻው በቱቦ ከተሸፈነ በኋላ ሁለቱን ያቀፈ ሌላ ወፈር ያለ ቱቦ ከላይ ይለብሳል። ቱቦ የሌለው ሰው ጥቁሩን የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሊጠቀም ይችላል፤ ነጩ የቁስል ፕላስተር ግን ጨርቅ ስለሆነ እርጥበት ይመጥጣል፣ ለዚህም አልተሠራም። ከዚያ ወደ ቴስተር ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲፈተሽ ቴስተሩ መጮህ አለበት፤ በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መካከል ግን መጮህ የለበትም። ይህ ሲረጋገጥ አዳፕተሩ ላፕቶፑ ሳይሰካበት ይሰካና በጫፉ ላይ ያለው ቮልት በአዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል። በመጨረሻ ላፕቶፑ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መጋጠሚያው በእጅ ይዳሰሳል፤ ከቀረው ገመድ ይልቅ ከሞቀ ብየዳው አልያዘምና ይፈታል። የዚያች ተማሪ ገመድ አልሞቀም፤ ትንሽ ከማጠሩ በቀር እስካሁን ይሠራል።

የዲሽ ኬብልም በየግቢው የውሻና የአይጥ ሲሳይ ስለሆነ ሳላነሳው ማለፍ አልችልም። ኬብሉ የምስል ምልክት ብቻ የሚያመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል ወደ ላይ፣ በዲሹ ፊት ምልክቱን ወደሚቀበለው ኤል ኤን ቢ፣ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ በ13 ቮልት ቀጥ ያለውን፣ በ18 ቮልት አግድሙን ሞገድ ያስመርጠዋል። በተነከሰ ወይም በተጠመዘዘ ቦታ ቮልቱ ሲወርድ ከፊሉ ቻናል ጠፍቶ ከፊሉ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ግን ዲሹ የዞረ መስሎት ጣሪያ ላይ ይወጣል። መረቡ የመሐሉን ሽቦ ከነካ ደግሞ የሪሲቨሩን ኃይል ሰጪ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ጥገና ብየዳ አይፈልግም። ሪሲቨሩ ከግድግዳ ተነቅሎ፣ የተጎዳው ቦታ ተቆርጦ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ኤፍ ኮኔክተር የሚባለው የዲሽ ኬብል ጫፍ ይጠመዘዝና በአንድ ማገናኛ ይያያዛል። ከቤት ውጭ ከሆነ ዝናብ እንዳይገባበት በደንብ ይታሸጋል፤ ውኃ የገባበት የዲሽ ኬብል እንደ ጧፍ ክር እየሳበ ብዙ ሜትር ስለሚያበላሽ፣ የገባበትን ክፍል በሙሉ መጣል ይሻላል።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የስልክ ገመድ ከዋጋው አንጻር የብየዳውን ድካም አያዋጣም፤ በተለይ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነውና ላፕቶፕ ጭምር የሚሞላው ገመድ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉትና እስከ 20 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ሊሄድበት ስለሚችል ቢነከስ ይቀየር። የኤችዲኤምአይ ገመድም 19 መስመሮች አሉትና ቤት ውስጥ አይነካም። የኢንተርኔት ገመድ ሲሆን ቆርጦ አዲስ ጫፍ መምታት ይቀላል። የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ክሮቹ በቀጭን ቀለም የተለበጡ ስለሆኑ፣ ቀለሙ በካውያው ሙቀትና በእርሳሱ ካልተነሣ መጋጠሚያው ቢታሰርም ድምፅ አይሰጥም።

ስለ እንስሳቱም አንድ ነገር ይታከልልኝ። ቡችላ ከ4 እስከ 6 ወር ገደማ ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱን ስለሚቀይር ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ይህ በዱላ የሚታረም አይደለም፤ ገመዱን በፕላስቲክ ትራንክ (የገመድ መሸፈኛ) ውስጥ በግድግዳው ላይ ማሳለፍና የማያስፈልገውን መንቀል ይበልጣል። ሚጥሚጣ ወይም ጋዝ ገመድ ላይ የሚቀቡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው የእንስሳውን ዓይን ያቃጥላል፣ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ተቀጣጣይ ነገር መቀባት ነው። እንስሳው ኮረንቲ ይዞት ከተገኘ፣ ሶኬቱ ሳይነቀል ወይም ብሬከሩ ሳይወርድ ማንም አይንካው። ተርፎ ተነሥቶ ቢሄድም እንኳ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ለመተንፈስ ሊቸገር ስለሚችልና ምላሱና ከንፈሩም ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ዕለት ለእንስሳት ሐኪም ቢታይ ይመረጣል።

ስለዚህ ዓምዱ በሚቀጥለው እትም ምክሩን እንዲያሻሽልና ከአዳፕተሩ ወዲያና ወዲህ ያለውን ገመድ ለይቶ እንዲያስነብብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከጽሑፉ ጎን ሁለቱን ወገኖችና የመጋጠሚያዎቹን አፈናቀል የሚያሳይ ሥዕል ቢታተም ለአንባቢ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሥዕሉን አዘጋጅቼ ያለ ክፍያ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ
ከደሴ